ለፌስቲቫሉ የወጣለት ስም

ሙቶሞ፣ የካቲት 9

ውድ አኬዮ፣

እንዴት ከረምሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎረቤት ትቀሰቅሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ተማሪዎቼም ደህና ናቸው፤ ዝናቡ ግን እንደ ልማዱ ቀጥሮን ቀርቷል። እናቴ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ጤና ናት። የላክሽው ሻይ ቅጠል ደርሶኛል። የደረቀውን ዓሣ የአውቶቡሱ ረዳት በመስኮት አቀበለኝና «መምህርት፣ በፈጠረሽ ሁለተኛ እንዳይልኩልሽ፣ ተሳፋሪው ግማሽ መንገድ ላይ ልውረድ ብሎ ነበር» አለኝ። ይህ የሐይቅ ሰው ዓሣሽ አንድ ቀን ከሥራ ያስባርረኛል። በስልክ አትጻፊልኝ ያልኩሽን ስላከበርሽልኝ ግን አመሰግናለሁ፤ የመምህራን ክፍሉ ሰው ሁሉ ስልኬን እንደ ራሱ ነው የሚነካካው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የፌስቲቫሉን ስም ስትሰሚ እልል አልሽ ወይ ላልሽኝ፣ እልል አላልኩም። ስሙን ሳነበው አፌ ምራቅ ሞላና ወጥቼ ተፋሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ስም የኖረውን ፌስቲቫላችሁን ልትሰይሙ ውድድር አወጃችሁ፤ እሰየው። ሁለት መቶ ምናምን ስም መጣላችሁ። ከሞምባሳ እስከ ኪሱሙ ያሉ ሌዝቢያኖች በየስልካቸው ድምፅ ሰጡ። በመጨረሻም አጫጭር ፊልሞቻችሁን በኢንተርኔት የምታሳዩበትን ያንን የደስታ ቀን «ኢዌቶ» አላችሁት። «አያቶቻችንም ሴት ያገቡ ነበር!» ተብሎም ተጨፈረ። ደብዳቤሽ ላይ ሦስት ቃለ አጋኖ አድርገሻል፤ ቆጥሬዋለሁ።

አንቺ የሉዎ ልጅ ነሽ፤ ከመጽሐፍ አንብበሽው ይሆናል። እኔ የኢዌቶ ልጅ ነኝ። ሰባት ዓመት ናይሮቢ አብረን ስንኖር ይህን ነገር ቁጭ ብዬ አልነገርኩሽም። ጥፋቱ የኔም ነውና አሁን ስሚኝ።

ካሎንዱ የምትባል ሀብታም ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ወንድ ልጅ የላትም። በእኛ በካምባዎች ዘንድ እንዲህ ያለች ሴት ቤቷ እንዳይዘጋ ጥሎሽ የሚሆን ፍየል ነድታ ለራሷ ሚስት ታመጣለች። የመጣችው ልጅ ኢዌቶ ትባላለች። የምትወልዳቸው ልጆች በሟቹ ባል ስም ይጠራሉ፣ መሬቱንም ይወርሳሉ። እናቴ ስትመጣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ጎጆዋ የሚገባውን ወንድ የምትመርጠው ካሎንዱ ነበረች። አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እናቴ አልነገረችኝም፣ እኔም መጠየቅ ትቻለሁ። ካሎንዱ ክፉ አልነበረችም። አብልታታለች፣ አልብሳታለች፣ ወባ ሲጥላት አዝላ ሐኪም ቤት ወስዳታለች። ግን ባል ነበረች። የእናቴን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የምታዝዘው እሷ ነበረች።

በመካከላቸው አልጋ አልነበረም። ፍቅር የምትሉትም ነገር አልነበረም። እናንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማላችሁ። የእናቴን ቀንበር አንስታችሁ እንደ አበባ ጉንጉን አንገታችሁ ላይ አጠለቃችሁት። ለውጡት።

ስለ እናቴ ስለምሠራው ፊልም ጠይቀሽኛል፤ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። እንድታጸጂልኝ የላክሁልሽን የእናቴንና የካሎንዱን ፎቶ ጨርሰሽ ከሆነ መልሺልኝ። ያለን ያ አንድ ብቻ ነው።

ያንቺው ንቴንያ


ናይሮቢ፣ የካቲት 16

ንቴንያዬ፣

ተቆጥተሽ እንኳ ሰላምታ አታጓድይም፤ የመምህር ነገር! ሳሌ ለቆኛል። ሥራ በሽ በሽ ነው፤ በዚህ ሳምንት ብቻ የአራት ሠርግ ቪዲዮ አሳጥሬያለሁ። የአንዱ ሙሽራ እናት መጥታ የሙሽሪትን አክስት ከቪዲዮው አውጪልኝ ብላኛለች። «ሴትየዋ እኮ በሁሉም ቦታ ቆማለች» ብላት «እሱ ነው እኮ ችግሩ» አለችኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አፈርኩ። እናትሽ በፍየል እንደመጣች ነግረሽኝ ነበር፤ ግን ስትነግሪኝ እየሳቅሽ ስለነበር እኔም አብሬሽ ስቄ አለፍኩት።

ስሙን ማን አመጣችው ብትዪኝ፣ አላውቅም። ለደኅንነት ስንል የማንንም ስም አንመዘግብም፤ ሁሉም የምትልከው በምስጢር ቃል ነው። ያሸነፈችው «ጎመን» ነኝ ብላለች። ካምባ ትሁን ሶማሌ፣ ኬንያ ትኑር ካናዳ፣ ጎመንን የምጠይቅበት መንገድ የለኝም። ሽልማቷም የመክፈቻውን ፊልም መምረጥ ነው፤ እሱንም መርጣለች።

ለውጡት ያልሽው ግን እንደ አፍ አይቀልም። ስድስት መቶ አሥራ አራት ሴት ድምፅ ሰጥታለች። እኔም ሰጥቻለሁ፤ አልዋሽሽም። ሦስት ዓመት ሊንኩን ስንልክ «ያ ነገር ቅዳሜ ነው» እያልን ነበር። እንደ ሰረቀ ሰው። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራ ስም አገኘንና ሴቶቹ በደስታ አለቀሱ። አሁን ተነሥቼ «ይቅርታ፣ ስሙ ሰው ያቆስላል» ልበል? እላለሁ፤ አንቺ ካልሽ እላለሁ። ግን ጊዜ ስጪኝ። ከእኔ ጋር የምታዘጋጀው ዙሁራም ነገር ሲለወጥባት እሳት ነው የምትሆነው።

ፎቶው ደህና ነው። ጸድቷል፤ እናትሽ ትናንት የተነሣችው ነው የሚመስለው። ስለ ፎቶው የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ስንገናኝ ይሻላል።

አትጥዪኝ።

አኬዮ


ሙቶሞ፣ የካቲት 30

አኬዮ፣

ስንገናኝ የምትነግሪኝን ነገር ሙአስያ ነገረኝ።

ሙአስያ ማን ነው እንዳትዪ፤ የካሎንዱ ባል የወንድሙ ልጅ ነው። ካሎንዱ ከሞተች ጀምሮ መሬታችንን እንደ ሥጋ ቤት ውሻ ሲያየው የኖረ ሰው ነው። ማክሰኞ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ አረንጓዴ ምራቁ ከንፈሩ ላይ ደርቆ፣ «መምህርት፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እናትሽ ታዋቂ ሆነች» አለኝ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ናይሮቢ ያለች ልጁ ስልኳ ላይ አይታ ልካለት፣ ኢንተርኔት ቤት በቀለም አሳትሞታል።

ምን እንዳለበት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ካሎንዱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከኋላ ቆማ እጇን ካሎንዱ ትከሻ ላይ አድርጋለች። ዙሪያውን ልብ በልብ አድርገሽዋል። ከላይ «ኢዌቶ»፣ ከታች «የሌዝቢያን አጫጭር ፊልሞች፣ ካለሽበት ሆነሽ ተመልከቺ»።

ያ እጅ እንዴት እዚያ እንደወጣ ልንገርሽ? ፎቶ አንሺው «እጅሽን አሮጊቷ ላይ አድርጊ፣ እንጨት አትምሰዪ» ስላላት ነው። ካሎንዱ ፎቶው እንዳለቀ «አንሺ» አለቻት። አለቀ።

ሙአስያ ወረቀቱን አጠፈና ጉዳዩን ተነተነልኝ። «በልማዳችን ሴት ሴትን ስታገባ አልጋ የለበትም፤ ለዘር ነው። ይኸው አልጋ ነበረበት ብላችሁ ራሳችሁ ለዓለም አወጃችሁ። አልጋ ካለበት ርኩሰት ነው እንጂ ጋብቻ አይደለም። ጋብቻ ካልሆነ ደግሞ እናትሽ ሚስት አይደለችም፣ አንቺም የዚያ ቤት ልጅ አይደለሽም። ስለዚህ መሬቱን ትለቃላችሁ።» እዚያው ተፋ። ምራቁ ጫማዬ ጫፍ ላይ አረፈ። በሣር እየጠረግሁት ማንን ይበልጥ እንደተጸየፍኩ ማወቅ አቃተኝ፤ እሱን ወይስ አንቺን።

ጉዳዩ በሹሙ ግቢ ለጎሳው ሽማግሌዎች ቀርቧል። መጋቢት 17 ይሰማል። እናቴ አርባ አምስት ዓመት ያረሰችው መሬት ነው። ቤቷ እዚያ ነው። ሁለቱ የሞቱት ወንድሞቼ እዚያ ነው የተቀበሩት። በዚህ ጉልበቷ ተነሥታ ወዴት ትሂድ?

ወረቀቱን አየችው። ልደብቃት ብል ሙአስያ ራሱ በአጥር በኩል ጥሎላታል። መነጽሬን አምጪልኝ አለች፤ ብዙ አየችው፤ «ቆንጆ ነበርኩ ለካ» አለች። ከዚያ ወጥታ ለዶሮዎቹ በቆሎ በተነች።

አንቺ የሞቱ ሰዎችን ፎቶ እያጸዳሽ እንጀራ የምትበዪ ሴት ነሽ። ደንበኛ ያመነሽን ፊት አደባባይ አውጥተሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። የኔ ሲሆን ግን የቤት ዕቃ ሆነብሽ። አስጸየፍሽኝ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም፤ ከተናደድኩ ሳምንት አልፎኛል።

ንቴንያ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 4

ንቴንያ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ፊት የለኝም።

ፖስተሩን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት አወረድኩት። ስሙንም አነሣሁት። ስድስት መቶ አሥራ አራቱም «ለምን?» አሉ። «ሰው ስለጎዳንበት» ብቻ አልኳቸው። ግማሾቹ ፈራሽ አሉኝ፤ አንዷ «ተገዛሽ» አለችኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሌላ ቦታ የቀሩትን ቅጂዎች እየለመንኩ አስጠፋለሁ፤ አሁንም እየተገኙ ነው።

የዙሁራን ደግሞ ስሚ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንዴት ያለ ታሪክ ነው! አሮጊቷን በመክፈቻው ቀን በቀጥታ እናቅርባት፤ ራሷ ታስረዳ፤ ሰው ያለቅሳል።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል ደግሞ። ከቤቴ ውጪልኝ አልኳት። ከወጣች በኋላ ግን እኔ ራሴ ከእሷ በምን እሻላለሁ ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ፤ ማመካኛ አይደለም። ፎቶውን ለአንቺ ሳጸዳ ሌሊቱን ሙሉ የእናትሽን እጅ ሳየው አደርኩ። የሻገተውን ክፍል በነጥብ በነጥብ ነው ያወጣሁት፤ ጣቷን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከእኛ በፊት አንድ ሰው ነበረ ለማለት ፈለግሁ። የምንጠራው አያት የለንም፣ ንቴንያ። የሰው ሠርግ እየቆረጥኩ የምኖር ሴት፣ አንድ የራሴን የመሰለ የጥንት ፎቶ ማግኘት አማረኝ። ሳልጠይቅሽ ወሰድኩት፤ ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትዪ አውቅ ነበር።

ልምጣ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እኔ ነኝ የሠራሁት ልበል። የምለውን ጻፊልኝና እንዳለ እለዋለሁ።

አኬዮ


ሙቶሞ፣ መጋቢት 9

አኬዮ፣

ነይ። ሌላ መፍትሔ ቢኖረኝ አልጠራሽም ነበር። ሙአስያ በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ሠሪዋ ራሷ ውሸት ነው ካለች ባዶውን ይቀራል።

ሱሪሽን ናይሮቢ ትተሽ ነይ። ቀሚስ ልበሺ፣ ጸጉርሽን በሻሽ ሸፍኚ፣ ያንን የአፍንጫ ቀለበት አውልቂ። ከአውቶቡስ ስትወርጂ በዓይንሽም አትፈልጊኝ። በሹሙ ግቢ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፤ ሲጠሩሽ ትገቢያለሽ።

እንዲህ በይ። ናይሮቢ ፎቶ የማጽዳት፣ ፖስተር የመሥራት ሱቅ አለኝ በይ። ከገጠር አንዲት መምህርት የድሮ ፎቶ በአውቶቡስ ልካልኝ ነበር፤ በአካል አላውቃትም በይ። ሌሎች ደንበኞች ፖስተር ሲያዙኝ እጄ ላይ ያገኘሁትን ፎቶ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ለጠፍኩበት፣ የሴቶቹን ታሪክ አላውቅም፣ ልቡንም ጽሑፉንም ከራሴ ጨመርኩ በይ። ይህ ከሞላ ጎደል እውነት ስለሆነ አይከብድሽም።

የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። ምዜ ኪሎንዞ የሚባሉ ዋናው ሽማግሌ አሉ፤ ነገር ካልጠራላቸው አይለቁም። «እነዚያ ሴቶች ምንሽ ናቸው?» ይሉሻል። ከፍለው ያሠሩኛል እንጂ ምኔም አይደሉም በይ። «አትጸየፊያቸውም?» ይሉሻል። እጸየፋለሁ በይ። በደንብ በይው። ብታቅማሚ ይገባቸዋል፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።

እኔም እጠየቃለሁ፤ እኔም እላለሁ። ከአንቺ ይልቅ ለእኔ ይቀለኛል ብለሽ እንዳታስቢ። እናቴ አጠገቤ ትቀመጣለች። የእናቴን ቤት ለማዳን እኔንና አንቺን እንደ ቆሻሻ ከበር ውጭ መድፋት አለብኝ። ይህን የሚጽፈው እጄ ራሱ ቀፎኛል።

እናቴ ስለ እኛ ታውቃለች ወይ ትዪ ይሆናል። እሷ የምታውቀውን እኔ አልጠይቃትም፤ እኔ የማውቀውንም እሷ አትጠይቀኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረናል።

ሻሹን አትርሺ።

ንቴንያ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 21

ንቴንያ፣

ደህና ገብቻለሁ። ጭቃውን ከጫማዬ አላነሣሁትም።

በምስክርነቴ የነገርሽኝን ሁሉ ብያለሁ፤ ሰምተሻል። አትጸየፊያቸውም ሲሉኝ እጸየፋለሁ አልኩ። ትንሽ ጨመርኩበት እንጂ አላጎደልኩም፤ «እጄን በሳሙና ነው የምታጠበው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ያ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ «ጨዋ ልጅ ናት» ብሎ ሶዳ ጋበዘኝ። ጠጣሁት። አራት ቀን ሆነኝ፣ ያንን ሶዳ እስካሁን አገሳዋለሁ።

ከዚያ አንቺ ተጠራሽ። ምዜ ኪሎንዞ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቁመው «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?» አሉሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየሽኝ፤ ልግዛው ልተወው እያልሽ ዕቃ የምታዪ መሰልሽ። «ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አልሽ። ቀጥለው ስለ እነዚያ ሴቶች ጠየቁሽ። የመለስሽውን ልድገመው? አልደግመውም። ብቻ አፍንጫሽ ተሸበሸበ። ያንን መሸብሸብ አውቀዋለሁ፤ የኔን ዓሣ ስታሸቺ የምታደርጊው ነው። አመንኩሽ። እየዋሸሽ እንደሆነ እያወቅሁ፣ እዚያው ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኜ አመንኩሽ።

ራሴ ጠይቄሽ፣ ራሴ ጥፋቱን ሠርቼ፣ ምን ብዬ እቀየምሻለሁ። አልተቀየምኩም። ብቻ ቆሻሻ የነካኝ ይመስለኛል፤ ታጥቤም አይለቀኝም። ቆሻሻውን ማን እንዳመጣው ሳስብ ደግሞ እኔው ነኝ።

ፌስቲቫሉ ቅዳሜ ተካሄደ። አሥራ ሁለት ፊልም አሳየን፤ ከአራት መቶ በላይ ሰው ገባ። እኔ ነበርኩ የምከፍተው። ካሜራው ፊት ተቀምጬ «እንኳን ወደ…» አልኩና የምጠራው ስም አጥቼ ቀረሁ። ሴቶቹ ከሥር በጽሑፍ ስም መወርወር ጀመሩ። አንዷ «ጓሮ» በሉት ትላለች፣ አንዷ «ዙሁራ አኮረፈች» በሉት ትላለች፣ ውድድሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። አሁን ስም የሚባል ነገር ራሱ ዘግንኖኛልና የመጀመሪያውን ፊልም ለቀቅሁ።

ፎቶውን በዚህ ፖስታ ውስጥ መልሼልሻለሁ። ቅጂውን ከኮምፒዩተሬ አጥፍቻለሁ፤ ብታምኚኝም ባታምኚኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ጻፍኩትና ሰረዝኩት።

አኬዮ


ሙቶሞ፣ መጋቢት 25

ውድ አኬዮ፣

እንዴት ነሽ? ሰውነትሽ እንዴት ነው? ሰላምታዬን ዛሬ ዘለግ ላደርገው ብዬ ተቀመጥኩና ከዚህ በላይ አልወጣልኝ አለ።

ፎቶው ደርሶናል። እናቴ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው።

አንቺ አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ ስለወጣሽ ፍርዱን አልሰማሽም። ጋብቻው በልማዱ መሠረት የተፈጸመ ነው፣ መሬቱ የካቩታ ነው፣ ከእሷም በኋላ የልጇ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ የሹሙ ማኅተም ተመታበት። ካቩታ እናቴ ናት፤ ስሟ በወረቀት ላይ ተጽፎ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሙአስያ በሐሰት ስላዋረደን አንድ ፍየል ተቀጣ። ፍየሉ እዚያው ታረደ። ለእኔም ከጉበቱ አመጡልኝ፤ «መምህርት የእኛው ደም ናት፣ ትብላ» ተባልኩ። አፌ ውስጥ አኖርኩትና ከግንቡ ኋላ ሄጄ ተፋሁት።

ያልጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ሰርዘሽዋል፤ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዤ ግን «ከልብሽ ነበር?» የሚለውን አነበብኩት። እንዲህ ነው፤ አፌን ስከፍት ውሸት ልናገር ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁልኝ፣ ቃሉ ቀለለኝ። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል እንደ እነሱ መሆን ደስ አለኝ፤ ጀርባዬ ሁሉ ሞቀኝ። አንቺን አልተጸየፍኩም። የምጸየፈው ያንን ሙቀት ነው፤ ከደሜ ይወጣልኝ እንደሆነ አላውቅም። እውነቱን ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም።

ፊልሜን አልጨርሰውም። የእናቴን ነገር ሳልጠይቃት ነበር የምቀርጸው። በዚህስ እኔ ከአንቺ በምን ተሻልኩ?

ከሹሙ ግቢ ስንመለስ እናቴ ከዘራዋን ይዛ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ስለ ፍርዱ ደስ ያላት አልመሰለኝም። «እማ፣ መሬትሽ እኮ ተመለሰልሽ» ብላት «መች ሄዶ ነው የሚመለስ» አለችኝ። የደረቀው ወንዝ ጋ ስንደርስ ጉልበቷ አልታዘዝ አላትና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት።

እዚያ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «ካሎንዱ ጋ እንግዳ ይመጣ ነበር። ይህች ማን ናት ይሏታል። ውሃ የምትቀዳልኝ ናት ትላለች። እኔ ማሰሮውን ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። በዓይኗ ታየኛለች፣ አላውቃትም በሚል ዓይን። ያኔ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም ነበር፤ ራሴን የማይበት መስተዋት የለኝም። ዛሬ አየሁት። ያቺ ሻሽ ያሰረች ልጅ ፊት ላይ አየሁት።»

አቧራዋን አራገፍኩላትና መንገዳችንን ቀጠልን። ቤት ደርሰን በሩን ስከፍትላት ክንዴን ያዘች።

«በወሩ መጨረሻ እሁድ የበቆሎ ሙቶኮይ እቀቅላለሁ» አለችኝ። «ያቺን የማታውቂያትን ሴትዮ ይዘሽልኝ ነይ።»

ንቴንያ